የደከመው አሰልጣኝ፦ የ1956ቱ የሪቦን ክሪክ አደጋ ከጤና በኩል ሲታይ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1956፣ እሁድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ቦታው በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት የሚገኘው የፓሪስ አይላንድ የማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር) ማሰልጠኛ ነው። አንድ አሰልጣኝ 74 ምልምል ወታደሮችን ከመኝታ ቤታቸው አስወጥቶ አሰለፈ። ከተኩስ ሜዳው ጀርባ ወዳለው ረግረግ ይዟቸው ሄደ። እዚያ ሪቦን ክሪክ የሚባል ውሃ አለ። ባሕሩ ሲሞላ ይሞላል፣ ባሕሩ ሲሸሽ ይጎድላል። አሰልጣኙ ራሱ ከፊት ገባ። ምልምሎቹም ተከተሉት። ከመካከላቸው ዋና የማይችሉ ነበሩ። ጨለማ ነው። ከሥር ጭቃ ነው። ውሃው አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይጠልቃል። አንዱ ሲጮህ ሌላው ተደናገጠ፣ እርስ በርስ ተያያዙ፣ ሰልፉ ተበተነ። ስድስት ወጣቶች ሰጥመው ሞቱ።

አሰልጣኙ ስታፍ ሰርጀንት ማቲው ማኪዮን ይባላል። ታሪኩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በሁለት መልክ ነው። አንዱ ወገን ጨካኝ አሰልጣኝ የሰው ልጆች ፈጀ ይላል። ሌላው ወገን ጠንካራ ወታደር ለማውጣት ሲታትር ዕድል የከዳው ሰው ያደርገዋል። እኔ የማነሳው ሁለቱም ዘለው ያለፉትን ነገር ነው። ማኪዮን ያን ቀን የታመመና የደከመ ሰው ነበር። ሥራ ላይ መዋል አልነበረበትም። ይህን ማለት ጥፋቱን ማቅለል አይደለም፤ ስድስት ሰው ሞቷል። ነገር ግን የአሰልጣኝ ጤና የራሱ የግል ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ አለቃ ካለ፣ ይህን ጉዳይ አንድ በአንድ ቢያየው እወዳለሁ።

ማኪዮን ለውትድርና እንግዳ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና በአፍላነቱ ኤሴክስ በተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አገልግሏል። ኋላ ማሪን ሆኖ ኮሪያ ዘምቷል። አደጋው ሲደርስ 31 ዓመቱ ነው። የልጆች አባት ነው፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። ለአሰልጣኝነት ግን አዲስ ነው። ከአሰልጣኞች ትምህርት ቤት የወጣው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ፕላቱን 71 የተባለው መቶ የመጀመሪያ ቡድኑ ሲሆን፣ እሱም በዚያ ውስጥ ረዳት አሰልጣኝ ነበር።

እስቲ ያን እሁድ ጠጋ ብለን እንየው። ወገቡ ታሟል። ሕመሙ ከወገቡ ተነስቶ በእግሩ የሚወርደው ዓይነት ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ነርቭ ሲጫን የሚመጣውን ሕመም የቀመሰ ያውቀዋል። መቀመጥም፣ መቆምም፣ መተኛትም አይመችም። ማኪዮን እያነከሰ በእንጨት እየተደገፈ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ያም ሆኖ ተረኛው እሱ ነው። በቀኑ ውስጥ ቮድካ ጠጥቷል። መጠጡ ምን ያህል እንደነካው በኋላ በችሎቱ ብዙ አከራክሯል። የምልምሎቹ ሥነ ሥርዓት ደግሞ አሳስቦታል፤ ፕላቱኑ ገና አልተቃናም። ከሰዓት በኋላ ምልምሎቹ ሣር ላይ ተጋድመው ሲዝናኑ አያቸው፣ ይህም አበሳጨው። መጀመሪያ መኝታ ቤቱን እንዲያጸዱ አዘዘ። ይህ አልበቃውም። ሲመሽ ወደ ረግረጉ ወሰዳቸው።

አራት ነገር በአንድ ሰው ላይ ተደርቧል፤ ሕመም፣ ድካም፣ መጠጥና ንዴት። እያንዳንዱ ለብቻው የተለመደ ነው። ብዙ አሰልጣኝ ወገቡን እያመመው ሠርቷል። ብዙ አሰልጣኝ ደክሞት ተቆጥቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ነው። እያነከሰ ሲሄድ የምልምሎቹ ዓይን አይቶታል። በካምፑ ውስጥ ሌሎች አሰልጣኞችም አሉ። «ዛሬ አንተ አትሠራም፣ እኔ እይዝልሃለሁ» ለማለት ግን የተመደበ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሰልፍ አሰልጣኝ ሥራ መጮህ ነው። ከውስጥ ሲታይ ሌላ ነው። ምልምል ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ አሰልጣኙ ከእሱ በፊት ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ተላጭቶ መቆም አለበት። ምልምል መብራት ሲጠፋ ይተኛል። አሰልጣኙ ደግሞ ከዚያ በኋላ የነገውን ፕሮግራም ያያል፣ መዝገብ ይሞላል፣ የታመመ ካለ ያያል። ሌሊቱን ከምልምሎቹ ጋር የሚያድር ተረኛም ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን አንድ ፕላቱን ይህን ሁሉ የሚሸፍነው በሁለት ወይም ቢበዛ በሦስት ሰው ነበር። ስሌቱን መሥራት ቀላል ነው። ሁለት ሰው ሲሆኑ፣ አንዱ ዕረፍት በወጣ ቁጥር ሌላው 70 ምናምን ወጣት ይዞ ብቻውን ይቀራል።

ሰዓቱ አንድ ነገር ነው። ከሰዓቱ የሚከፋ ግን ሌላ አለ። ይህ ሥራ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ የተቆጣ እንዲመስል ይጠይቃል። ጥሩ አሰልጣኝ በእውነት አይናደድም፤ ቁጣውን እንደ መሣሪያ አውጥቶ ይጠቀምበታል፣ መልሶም ያስቀምጠዋል። ሰውነት ግን በዚህ ጨዋታ ሁልጊዜ አይታለልም። ድምፅ ከፍ ሲል፣ ደረት ሲነፋ፣ ጡንቻ ሲወጠር አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይወጣል። ይህ ለአምስት ደቂቃ ሲሆን ምንም አይደለም። ለአሥራ አምስት ሰዓት፣ ለሳምንታት ሲሆን ግን ሰውነት መብረዱን ይረሳል። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በተለመደው ምቱ መውጣትና መውረዱ ይዛባል። እንቅልፍ ይሸሻል። ቁጣውም ቀስ በቀስ እውነተኛ ይሆናል። ማስመሰሉ መቼ እንዳበቃ አሰልጣኙ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ሮበርት ካራሴክ የተባለ የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ጎጂው ሥራ የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚረዳ ነገር ተናግሯል። ሥራ መብዛቱ ብቻውን አይደለም የሚጎዳው። ሥራ በዝቶ፣ ሠራተኛው ግን በአሠራሩ ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ አሰልጣኝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምልምሎቹ ላይ ሲታይ ንጉሥ ይመስላል። ከላይ ሲታይ ግን ፕሮግራሙን ሌላ ሰው አውጥቶታል፣ የምልምሉን ቁጥር ሌላ ሰው ወስኖታል፣ ማብቂያው ቀን አይነቃነቅም፣ ውጤቱ ከጎረቤት ፕላቱን ጋር ይወዳደራል። ምልምሎቹ ካልተቃኑ ጥያቄው ወደ እሱ ይመጣል። ማኪዮን በዚያ እሁድ ተሸክሞት የነበረው ይህንንም ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሕመሙ እንመለስ። ዲስክን ጭንቀት አያወጣውም፤ ይህን ማምታታት አልፈልግም። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ግን ያለውን ሕመም ያባብሱታል። የተወጠረ ጡንቻ ወገብን የበለጠ ይጫናል። ያልተኛ ሰው ሕመም የመቻል አቅሙ ይቀንሳል። ሕመሙ ደግሞ በተራው እንቅልፍ ይነሳል። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው አርፎና ታክሞ ነው። ዕረፍት ከሌለ፣ ሕክምና መሄድም እንደ ልፍስፍስነት ከተቆጠረ፣ ሰው በእጁ ያለውን ይጠቀማል። ብዙ ጊዜ በእጅ ያለው መጠጥ ነው። ለጊዜው ሕመሙን ያደነዝዛል፣ ውጥረቱን ያላላል። ሌሊት ግን እንቅልፍን ይቆራርጣል፣ ቀን ደግሞ ፍርድን ያዛባል።

የድካሙንም ነገር ቀለል አድርገን እንዳናየው። በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የዓይንና የእጅ ቅንጅቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ወርዶ ተገኘ። 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ከ0.10 በመቶ ጋር ተስተካከለ። በብዙ አገር ይህ መጠን መኪና መንዳት ያስከለክላል። እናም አሰልጣኝ ጠጥቶ ቢገኝ ይከሰሳል፤ ሳይተኛ ቢያድር ግን ታታሪ ይባላል። ፍርድ የሚጠይቀው ሥራ ግን ያው ነው። ውሃው ጥልቅ ነው ወይ? ዋና የማይችል አለ ወይ? ይህን ነገር ነገ ጠዋት በብርሃን ባደርገው ምን ይቀርብኛል? የደከመ አእምሮ መጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። የጀመረውን ነገር ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ይቀጥላል።

ችሎቱ በዚያው ዓመት ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ በፓሪስ አይላንድ ተካሄደ። ጋዜጠኛው ብዙ ነበር። ጠበቃው ኤሚል ዞላ በርማን የተባለ የኒውዮርክ ሰው ነው። የመከላከያው ጉልበት ያረፈው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ማኪዮን ያደረገው ሌሎች አሰልጣኞችም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የማሪኑ ዋና አዛዥ ጄኔራል ራንዶልፍ ፔት ቀርበው መሰከሩ። በእሳቸው እጅ ቢሆን ኖሮ ማዕረጉን ቀንሰው ከዚያ ሥራ እንደሚያነሱት የሚገልጽ ቃል ሰጡ። በማሪኖች ዘንድ ስመ ጥሩ የሆኑት ጡረተኛው ጄኔራል ቼስቲ ፑለርም መጥተው ስለ ጠንካራ ሥነ ሥርዓት አስፈላጊነት ተናገሩ። ከተረፉት ምልምሎችም ስለ አሰልጣኛቸው መልካም የተናገሩ ነበሩ።

ፍርድ ቤቱ ከከባዱ የሰው ግድያ ክስና ምልምሎችን ከመጨቆን ክስ ነጻ አወጣው። በቸልተኝነት ሰው በመግደልና በመኝታ ቤት መጠጥ በመጠጣት ግን ጥፋተኛ አለው። ዘጠኝ ወር እስር ከጉልበት ሥራ ጋር፣ ወደ ተራ ወታደርነት መውረድ፣ የደመወዝ ቅጣትና ከሠራዊቱ መባረር ተፈረደበት። በኋላ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ቻርልስ ቶማስ እስሩን ወደ ሦስት ወር አወረዱት፣ መባረሩንም ሰረዙት።

ክርክሩ በሙሉ የዞረው ሥልጠና ምን ያህል መክበድ አለበት በሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ትልቅ ነው፣ መነሳትም ነበረበት። ግን ሥልጠናው ከባድ መሆን አለበት ብንል እንኳ፣ ከባዱን ሥልጠና የሚመራው ሰው ጤነኛና ያረፈ መሆን ይኖርበታል። ሥልጠናው በከበደ ቁጥር ይህ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስፈልግም። ጥንካሬን የሚያወድሱት ሰዎች ይህን ነጥብ ቢይዙት ኖሮ ክርክራቸው የተሻለ ይቆም ነበር።

የሚገርመው ነገር ከችሎቱ ይልቅ አስተዳደሩ ወደ ጉዳዩ ሥር ተጠጋ። ፔት ገና በሜይ ወር ለኮንግረስ ቀርበው ጉድለቱ ከአንድ ሰው የሰፋ መሆኑን ተቀበሉ። በሁለቱም የምልምል ማሰልጠኛዎች ሥልጠናውን የሚመራ ጄኔራል ተመደበ። ለፓሪስ አይላንድ የተላኩት ዋላስ ግሪን ናቸው። የምልምል ሥልጠናን የሚመረምር የበላይ ተቆጣጣሪም ተሾመ፤ እሱም ዴቪድ ሹፕ ነበሩ። ሁለቱም ኋላ ተራ በተራ የማሪኑ ዋና አዛዥ ሆነዋል። የአሰልጣኝ እጩዎች ማጣሪያ ጠበቀ፤ የአእምሮ ጤና ምርመራም የማጣሪያው አካል ሆነ። መኮንኖች ሥልጠናውን ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ እንዲከታተሉ ተደረገ። አሰልጣኞቹ ዛሬ የሚታወቁበት ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣም የተሰጣቸው በዚያው 1956 ነው። ሥራቸው ክብር ያለው መሆኑን ለማሳየት ታስቦ ነው። አንድ ለውጥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል፤ ለአንድ ፕላቱን ሦስት አሰልጣኝ መመደብ መደበኛ ሆነ።

ለእኔ ከእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሦስተኛው ሰው ነው። ምርመራ ሲቀጠር ጤነኛ የነበረውን ሰው ጤነኛ ይላል። ከዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አይነግርህም። ማኪዮንም ቢሆን በአሰልጣኝነት ትምህርት ቤት አልፎ የመጣ፣ ጦርነት ያየ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ነበር። በወረቀት ላይ ብታየው ምንም እንከን አይወጣለትም። የሰውን ቁጥር መጨመር ግን ሰዓትን ይቀንሳል። ከዚያም አልፎ፣ አንዱ ሲያነክስ የሚያይና ሊተካው የሚችል ባልደረባ ይፈጥራል። ምርመራው የማይደርስበትን ቀን ባልደረባው ይደርስበታል።

ይህም ሆኖ ችግሩ ተዘግቶ አልቀረም። በ1976 ሳንዲያጎ በሚገኘው ሌላው ማሰልጠኛ በዱላ መሰል የልምምድ መሣሪያ ክፉኛ ተደብድቦ የነበረ አንድ ምልምል ሞተ። ኮንግረስ እንደገና ጠየቀ፣ እንደገና ሕግ ጠበቀ። ቁጥጥሩም ተጨመረ። ቁጥጥር ያስፈልጋል። ጭነቱ ሳይቀንስ የሚጨመር ቁጥጥር ግን በአሰልጣኙ ትከሻ ላይ ሌላ ጭነት ይሆናል። ሥራው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ አሁን ደግሞ የሚያይህ ሰው በዝቷል ማለት ነው።

ከማሪኖች ወጣ ብለን ብናየውም አወቃቀሩ አንድ ነው። የፖሊስም ሆነ የእሳት አደጋ ሥልጠና የተሰናዳው አንዴ ለሚያልፍበት ሰው ነው። ሰልጣኙ ሳምንታት ተንገላቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል። አሰልጣኙ ግን የሚቀጥለውን ቡድን ይቀበላል። የእሳት አደጋ ሰልጣኝ የሚነድ ክፍል ውስጥ ጥቂት ጊዜ ይገባል። አሰልጣኙ ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር እየገባ፣ ሙቀቱንና ጭሱን ደጋግሞ ይወስደዋል። የተኩስ አሰልጣኝ ጆሮም እንደዚያው ነው። ሰልጣኙ የራሱን ጥይት ተኩሶ ይሄዳል፤ አሰልጣኙ የሁሉንም ይሰማል። የሰልፍ አሰልጣኝ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። የድምፅ አውታሩ ያብጣል፣ እየቆየም እንደ ጠጠር ያለ እብጠት ሊያወጣ ይችላል። ብዙዎች ይህን የሥራው ማዕረግ አድርገው ይቆጥሩታል እንጂ ጉዳት ነው አይሉም።

የረጅም ሰዓት ሥራ በልብ ላይ የሚያደርሰውም ተለክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 አብረው ባወጡት ግምገማ፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር መጥበብ የመሞት አደጋን ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከምልምል በኋላ የሚተኛ ሰው 55 ሰዓትን የሚጨርሰው ሳምንቱ ሳይጋመስ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ከሥራ የሚመጣውን የጉልበትና የመንፈስ መሟጠጥ መዝግቦታል። በሽታ ብሎ አልመዘገበውም፤ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መነሻው ሥራው ከሆነ መታከም ያለበት ሥራው ጭምር ነው።

አሁን አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም አሰልጣኞች ለምን ዝም ይላሉ የሚለው ነው። ድክመት እንዳይታይበት የሰለጠነ ሰው፣ ሌላውንም ድክመት እንዳያሳይ የሚያሰለጥን ሰው፣ «ወገቤን አሞኛል፣ ሌሊት አልተኛሁም፣ ልጆቹን ሳይ ደሜ ይፈላል» ብሎ አለቃው ፊት መቆም ይከብደዋል። ቢናገር ከሥራው ይነሳል፣ ዕድገቱ ይዘጋል። ባልደረባውም የእሱን ተረኝነት ደርቦ ይይዛል። ዝም ቢል ደግሞ ምንም የሚሆን አይመስልም። እንዲህ ባለ ሒሳብ ማንም ሰው ዝምታን ይመርጣል። ስለዚህ «በራችን ክፍት ነው፣ ኑና አማክሩን» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ብዙ አይረዳም። የሚረዳው መናገር የማያስከፍልበት አሠራር ነው። የሐኪም ወረቀት በዕድገት መዝገብ ውስጥ አይግባ። የዕረፍት ቀን በአሰልጣኙ ጥያቄ ሳይሆን በፕሮግራም ይሰጥ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቡድን በኋላ ሰውዬው ለተወሰነ ጊዜ ምልምል ወደሌለበት ሥራ ይዛወር፤ ይህም ቅጣት ሳይሆን ለሁሉም እኩል የሚሠራ ተራ ይሁን። ሁሉም ሲያርፍ ማንም ደካማ አይባልም።

ከሁሉ በፊት ግን በተረኞች ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ዛሬ ተረኛው ማን ነው ከሚለው ቀጥሎ፣ እሱ ካልቻለ የሚተካው ማን ነው፣ አልቻለም ብሎ የሚወስነውስ ማን ነው የሚል። ውሳኔው ለታመመው ሰው ለራሱ መተው የለበትም። ሕመምና ድካም መጀመሪያ የሚነኩት አቅምን የመመዘን ችሎታን ነውና። ያን እሁድ በፓሪስ አይላንድ ማንም ማኪዮንን ከልምምድ የማገድ ኃላፊነት በእጁ ቢኖረው፣ እያነከሰ በእንጨት የሚሄድ ተረኛ ለማገድ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም ነበር።

ማኪዮን ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ምልምል ግን ዳግመኛ አላሰለጠነም። በ1959 ሠራዊቱ በሕክምና ምክንያት በጡረታ አሰናበተው። ምክንያቱ ያው ወገቡ ነው። ስድስቱ ወጣቶች በሰጠሙበት ቀን አብሮት የነበረው ሕመም ለአገልግሎት ብቁ እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ ወረቀት የተጻፈበት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።